«ሰው ወደፊት ክንፍ ያወጣል?» እና ሌሎች የአድማጮች ጥያቄዎች

በዚህ ሳምንት የደረሱኝ ጥያቄዎች በሙሉ ስለ መጪው ዘመን እንስሳትና በሌሎች ዓለማት ሊኖሩ ስለሚችሉ ፍጡራን ናቸው። ደስ የሚል ርዕስ ነው። ከመጀመሬ በፊት ግን ሁልጊዜ የምላቸውን ሁለት ነገሮች ልድገም። አንደኛ፣ አካል ስለተመኘ አይለወጥም። አንድ ባሕርይ የሚስፋፋው ያ ባሕርይ ያላቸው ከሌሎቹ የበለጠ ልጅ ወልደው ሲያሳድጉ ነው። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ አዲስ ነገር ዋጋ አለው። ስለ አንድ እንስሳ ስታስቡ ዋጋውን ጠይቁ።

«ሰው ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በኋላ ክንፍ ሊያወጣ ይችላል?»

ይህ ጥያቄ የማይመጣበት ሳምንት የለም። ክንፍ ከባዶ አይበቅልም። ወፍ፣ የሌሊት ወፍና በዳይኖሰሮች ዘመን የነበሩት ቴሮሶሮች መብረር የጀመሩት በየፊናቸው ነው። ሦስቱም ግን ክንፋቸውን የሠሩት ከፊት እግራቸው ነው። ሁለት እጅና ሁለት እግር የወረስነው ከ370 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ወደ የብስ መጠጋት ከጀመሩ ዓሦች ነው። ከዚያ ወዲህ አምስተኛና ስድስተኛ ጨምሮ የበረረ ባለ አከርካሪ እንስሳ የለም። ስለዚህ ክንፍ የፈለገ እጁን ይሰጣል ማለት ነው። ብዕር መያዝ፣ ልጅ ማቀፍ፣ ቁልፍ መቆለፍ አብሮ ይቀራል። ዋጋው ይህ ነው።

«ስልክ ስለምናበዛ የልጆቻችን አውራ ጣት ይረዝማል?»

አይረዝምም። በአጠቃቀም ብዛት በእኛ ጣት ላይ የመጣ ለውጥ በዘር አይተላለፍም።

«ዝግመተ ለውጥን በአንድ ሰው ዕድሜ ማየት ይቻላል?»

ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1971 ተመራማሪዎች አምስት ጥንድ እንሽላሊቶችን በክሮኤሽያ ከሚገኝ አንድ ትንሽ ደሴት ወደ ሌላ ደሴት ወሰዱ። ከ36 ዓመት በኋላ የተገኙት ዘሮቻቸው ጭንቅላታቸው ገዝፎ፣ ንክሻቸው ጠንክሮ፣ ነፍሳት ማደኑን ትተው በአብዛኛው ቅጠል በል ሆነው ነበር። አንጀታቸው ውስጥም ቅጠሉን የሚያቆይ አዲስ መጋረጃ ታየ።

የሞዛምቢኩ ጎሮንጎሳ ፓርክ ደግሞ ያሳዝናል። እ.ኤ.አ. ከ1977 እስከ 1992 በዘለቀው የእርስ በርስ ጦርነት ዝሆኖች ለጥርሳቸው ሲባል ተጨፈጨፉ። ከጦርነቱ በፊት ጥርስ የሌላቸው ሴት ዝሆኖች ከአምስት አንዷ ገደማ ነበሩ። ከተረፉት ግን ግማሽ ያህሉ ጥርስ አልባ ናቸው። ከዚያ በኋላ ከተወለዱት ሴቶችም ሲሦ ያህሉ ጥርስ የላቸውም። ዝሆኖቹ ጥርሳቸውን «ለመደበቅ» አላሰቡም። ጥርስ ያላቸው ስለተገደሉ ነው። እዚህም ዋጋ አለ። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ጥናት እንደሚጠቁመው፣ ይህን ባሕርይ የሚያመጣው የዘረ-መል ለውጥ የወረሱትን ወንድ ፅንሶች ይገድላል።

«ስበቱ ዝቅተኛ በሆነ ፕላኔት ላይ እንስሳት እንደ ሕንፃ ይገዝፋሉ?»

መጠናቸው ሊጨምር ይችላል። የአንድ እንስሳ ቁመት፣ ወርድና ውፍረት እጥፍ ሲሆን ክብደቱ ስምንት እጥፍ ይሆናል። የአጥንቱ የመሸከም አቅም ግን የሚያድገው አራት እጥፍ ብቻ ነው። ጋሊሊዮ ይህን እ.ኤ.አ. በ1638 ጽፎታል። ለዚህ ነው ጉንዳንን ዝሆን ብታሳክሉት እግሩ የሚሰበረው። ስበት ሲቀንስ ይህ ጫና ይላላል።

ነገር ግን ስበቱ ደካማ የሆነ ዓለም አየሩንም መያዝ ይከብደዋል። ማርስ ስበቷ የምድርን 38 ከመቶ ያህል ነው፤ አየሯም በጣም ስስ ነው። ለየት ያለችው የሳተርን ጨረቃ ታይታን ናት። ስበቷ የምድርን አንድ ሰባተኛ ያህል ሆኖ፣ የአየር ግፊቷ ግን ከምድር አንድ ተኩል እጥፍ ገደማ ነው። ለመብረር ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም። ችግሩ ቅዝቃዜው ነው፤ ከዜሮ በታች 179 ዲግሪ። ውሃ እዚያ ድንጋይ ነው፤ ሐይቆቹም ሚቴን ናቸው። በዚያ ብርድ ሕይወት ቢኖር እንኳ በጣም አዝጋሚ ይሆናል ብዬ አስባለሁ።

«ዳይኖሰሮች ይመለሳሉ?»

የጠፋ ዝርያ በዝግመተ ለውጥ አይመለስም። ከዳይኖሰሮች የቀሩትን ማየት ከፈለጉ ወፎችን ይመልከቱ።

«የ12 ዓመት ልጅ ነኝ። የሌላ ፕላኔት እንስሳት እሥላለሁ። ሁሌም ሁለት ዓይንና ትልቅ ጭንቅላት አደርግላቸዋለሁ። ልክ ነኝ?»

ጎበዝ የኔ ልጅ፤ ዓይኑ ላይ ትክክል ሳትሆኚ አትቀሪም። ዓይን በምድር ላይ ብዙ ጊዜ፣ በየራሱ መንገድ ተፈጥሯል። የኦክቶፐስ ዓይንና የእኛ ዓይን በአሠራር ይመሳሰላሉ፤ ግን አንዱ ከሌላው አልመጣም። ሻርክ ዓሣ ነው፣ ዶልፊን አጥቢ ነው፣ ድሮ የጠፋው ኢክትዮሶር ደግሞ ተሳቢ ነበር። ሦስቱም በፍጥነት መዋኘት ስለነበረባቸው ቅርጻቸው ተመሳሰለ። ስለዚህ በሌላ ዓለም ፈሳሽ ውስጥ የሚፈጥን እንስሳ ከሣልሽ ፊትና ኋላው የሾለ አድርጊው።

ሁለት እጅና ሁለት እግር ግን ተዪው። ያ የእኛ የዓሣ አያቶች ውርስ ነው። ሌላ ፕላኔት ላይ እነዚያ ዓሦች አልነበሩም።

ከመሣልሽ በፊት ዓለሙን ጻፊ። ብርሃኑ ምን ዓይነት ነው? ስበቱስ? ምን ይበላል? ማን ይበላዋል? ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2017 ሰባት ፕላኔቶች እንዳሏት የተነገረላት ትራፒስት-1 የምትባል ኮከብ አለች፤ ወደ 40 የብርሃን ዓመት ትርቃለች። ትንሽና ቀይ ኮከብ ናት፤ ብርሃኗ በአብዛኛው የእኛ ዓይን የማያየው ነው። ፕላኔቶቿም አንድ ፊታቸው ሁሌ ቀን፣ ሌላው ሁሌ ሌሊት ሳይሆን አይቀርም። በድንበሩ ላይ የሚኖር እንስሳ ምን ዓይነት ዓይን ያስፈልገዋል? እሱን ሥዪልኝ። ከጎኑም ዋጋውን ጻፊ።

«እህትና ወንድም ውሾች አሉኝ። አፍንጫቸው አጭር፣ ዓይናቸው ትልቅ ነው። እያዳቀልኳቸው በጥቂት ትውልድ የወደፊቱን ውሻ መፍጠር እችላለሁ?»

እባክዎን ይህን አያድርጉ። ዛሬውኑ ለያዩዋቸው። ይህ ጥያቄ በየጊዜው በተለያየ መልክ ይመጣልኛል፤ አንዱ ድመት ነው ይላል፣ ሌላው ጥንቸል። ስለዚህ ሁላችሁም ስሙኝ።

ሰው መርጦ በማዳቀል እንስሳን ቶሎ መለወጥ እንደሚችል እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 በሳይቤሪያ የተጀመረ ሙከራ ነበር። ተመራማሪዎቹ ቀበሮዎችን የመረጡት በለማዳነታቸው ብቻ ነው። በጥቂት ትውልድ ውስጥ ጅራት የሚቆሉ፣ አንዳንዶቹም ጆሯቸው የታጠፈና ፀጉራቸው ዝንጉርጉር የሆነ ቀበሮዎች ተወለዱ። አድማጮች እዚህ ድረስ ይሰሙና ሥራ ይጀምራሉ። ሳይንቲስቶቹ ግን በጣም ብዙ ቀበሮዎች ነበሯቸው። የቅርብ ዘመዶች እንዳይዳቀሉም ሆን ብለው ይጠነቀቁ ነበር። እርስዎ ያለዎት ሁለት ውሻ ነው፤ ያውም ከአንድ እናት።

እያንዳንዱ እንስሳ የተበላሹ ዘረ-መሎችን ተሸክሞ ይኖራል። ጤነኛው ቅጂ ስለሚሸፍናቸው አይታዩም። እህትና ወንድም ሲዳቀሉ በአማካይ ከግልገሉ ዘረ-መል ሩቡ ያህል ሁለቱም ቅጂዎች ከአንድ አያት የመጡ ይሆናሉ። ሽፋኑ ይነሳል። ነጩን ታይገር ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ1951 ሕንድ ውስጥ አንድ ነጭ ደቦል ተያዘ። ሲያድግ ከገዛ ልጁ ጋር አዳቀሉት፤ ነጭ ግልገሎችም ተወለዱ። በየቦታው ያሉት ነጭ ታይገሮች እንደዚያው በቅርብ ዝምድና ተራብተው ብዙዎቹ ዓይናቸው የተንሸዋረረ ነው። ሰውም አላመለጠም። የስፔኑ ንጉሥ ዳግማዊ ካርሎስ ከትውልድ ትውልድ እርስ በርስ ከተጋባ ቤተሰብ ተወልዶ፣ ሲታመም ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1700 ያለ ወራሽ ሞተ።

አሁን ደግሞ ወደ አጭሩ አፍንጫ ልምጣ። የራስ ቅሉ ሲያጥር በውስጡ ያለው ሥጋ አብሮ አላጠረም። አየር መንገዱን ይዘጋል። ውሻ ሙቀቱን የሚያወጣው በዋናነት በማለክለክ ስለሆነ፣ አየር ያጠረው ውሻ በሙቀት ቀን ሊሞት ይችላል። ብዙዎቻችሁ «ሲያንኮራፋ ደስ ይላል» የምትሉት ድምፅ ለመተንፈስ የሚደረግ ትግል ነው። የታጠፈ ጆሮ ያላትን ስኮትሽ ፎልድ ድመትም ቆንጆ ትላላችሁ። ጆሮዋን ያጠፈው የለስላሳ አጥንት (ካርቲሌጅ) በሽታ ግን መገጣጠሚያዎቿንም ያማታል።

ሁልጊዜ ዋጋውን ጠይቁ የምለው ለዚህ ነው። በዱር እንዲህ ዓይነት አፍንጫ ያለው እንስሳ ብዙ ሳይወልድ ይቀራል፤ ባሕርዩም አብሮ ይጠፋል። ቤት ውስጥ ግን እኛ እናበዛዋለን። ዋጋውን የሚከፍለውም ቡችላው ነው። የወደፊቱን ውሻ በወረቀት ላይ ይሥሩት፤ እዚያ ማንም አይታመምም። ሁለቱን ውሾች ግን በዚህ ሳምንት ለእንስሳት ሐኪም ያሳዩ። ስለ ማምከንም ስለ አተነፋፈሳቸውም ይጠይቁ። ሴቷ ምናልባት አርግዛ ከሆነ ደግሞ ቀን አይጠብቁ።

«ሰው ቢጠፋ ኦክቶፐስ ዓለምን ይገዛል?»

ባዶ ዙፋን ይዞ የሚጠብቅ ተፈጥሮ የለም። ኦክቶፐስ ብልህ ነው፤ 500 ሚሊዮን ገደማ የነርቭ ሴሎች አሉት፣ አብዛኞቹም በክንዶቹ ውስጥ ናቸው። ግን አብዛኞቹ ዝርያዎች ከአንድ ወይም ከሁለት ዓመት በላይ አይኖሩም። እናቲቱ እንቁላሎቿን ጠብቃ ትሞታለች። ልጆች ከማንም ሳይማሩ ሁሉንም ከዜሮ ይጀምራሉ። እኔ የወደፊት ኦክቶፐስ ብሥል፣ መጀመሪያ የምለውጠው ዕድሜውን ነው።

«በጁፒተር ጨረቃ በኤውሮፓ ውቅያኖስ ውስጥ ዓሣ ይኖራል?»

ዓሣ አልጠብቅም፤ ረቂቅ ሕዋስ ቢገኝ ግን አልደነቅም። ከበረዶው በታች ትልቅ ውቅያኖስ እንዳለ ጠንካራ ማስረጃ አለ። ፀሐይ አለመድረሷም ብቻውን አያግድም። እ.ኤ.አ. በ1977 በጋላፓጎስ አካባቢ፣ በጨለማው የባሕር ወለል ፍልውሃ ዙሪያ እንስሳት ሞልተው ተገኙ። ከእነሱ መካከል አፍ የሌላቸው ትሎች አሉ፤ የሚመግቧቸው በውስጣቸው የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 ወደዚያ የተወነጨፈው ኤውሮፓ ክሊፐር የተባለ መንኮራኩር በ2030 ይደርሳል።

«ድመቴ ስድስት ጣት ያለው ግልገል ወለደች። የአዲስ ዝርያ መጀመሪያ ነው?»

አይደለም። በድመቶች ዘንድ የታወቀ ነገር ነው፤ አብዛኞቹም በደህና ይኖራሉ። ትርፍ ጣቱ ላይ ያለው ጥፍር ግን ታጥፎ ሥጋ ውስጥ ሊገባ ይችላል። በቤት መቀስ አይንኩት፤ የእንስሳት ሐኪም ይየው።