የፈረስ ታይሮይድ በአልትራሳውንድ እንዴት ይታያል?

[ምስል፦ ከማንቁርቱ በታች በአንድ ጎን ያበጠ ያረጀ ፈረስ]

ያረጀ ፈረስ ማንቁርቱ ሥር ሲያብጥ ባለቤቱ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ካንሰር ነው ወይ?» ብሎ ነው። አብዛኛውን ጊዜ አይደለም። ከ15 ዓመት በላይ በሆነው ፈረስ ላይ አንዱ የታይሮይድ (ሆርሞን የሚያመነጨው የአንገት ዕጢ) ክፍል ብቻ ሲያብጥ፣ ብዙውን ጊዜ አዴኖማ የሚባለው፣ ወደ ሌላ አካል የማይዛመተው ዓይነት ነው። ግን እብጠቱ ታይሮይድ መሆኑስ በምን ይታወቃል? መግል የያዘ ሊምፍ ኖድ (ንፍፊት) ወይም መርፌ የተወጋበት ቦታ ላይ የተጠራቀመ ደም ከውጭ ሲታይ ያሳስታል። አልትራሳውንድ ከሁሉ በፊት የሚፈታው ይህን ጥያቄ ነው።

የፈረስ ታይሮይድ በቀኝና በግራ ሁለት ክፍል አለው። ቦታው ከማንቁርት ቀጥሎ፣ በግምት ከ3ኛው እስከ 6ኛው የአየር ቧንቧ ቀለበት ጎን ነው። እያንዳንዱ ክፍል 5 ሴንቲሜትር ያህል ይረዝማል፣ 2.5 ሴንቲሜትር ያህል ይወፍራል። በጎልማሳ ፈረስ ሁለቱን የሚያገናኘው ክር የመሰለ ቀጭን ነገር ስለሆነ እሱን ፍለጋ አትድከሙ።

[ምስል፦ ፀጉር ሲላጭ፣ ጄል ሲቀባ]

ሊነር ፕሮብ (ፊቱ ቀጥ ያለ፣ ቆዳው ላይ የሚያርፈው የአልትራሳውንድ መሣሪያ) ይበቃል፤ ከ7.5 እስከ 12 ሜጋኸርትዝ፣ ጥልቀቱ ከ4 እስከ 6 ሴንቲሜትር። የከብት እርግዝና የምታዩበት የፊንጢጣ ሊነር ፕሮብም ይሠራል፤ መያዣው ትንሽ ስለሆነ እጅ ያደክማል እንጂ። ፀጉሩን በሁለቱም ጎን ላጩ፣ ቆዳውን እጠቡ፣ ጄሉን ሳትቆጥቡ ቀቡ። በፀጉር መካከል የቀረ አየር ምስሉን ያጠቁረዋል፤ ጀማሪው ግን ጌይኑን (የምስሉን ድምቀት የሚቆጣጠረውን) ከፍ ያደርግና ሁሉንም ነገር ነጭ ጉም ያስመስለዋል።

ፈረሱ ራሱን ቀና አድርጎ ይቁም። ማስታገሻ ከተሰጠው ራሱ ስለሚወርድ ደግፉለት።

[ምስል፦ አግድም የተያዘ ፕሮብ፣ ከጎኑ የማሽኑ ስክሪን]

ፕሮቡን አግድም ያዙና መጀመሪያ የአየር ቧንቧውን ፈልጉ። ደማቅ ቅስት መስመር ሆኖ ይታያል፤ ከመስመሩ ወዲያ ያለው የአየር ጥላ ነው፣ እዚያ ውስጥ የምታዩትን አትመኑ። ቀጥሎ ካሮቲድን (ወደ ራስ ደም የሚወስደውን የደም ቅዳ)፦ ክብ፣ ጥቁር፣ የሚመታ፣ ጫን ሲሉት የማይጠፋ። ጁጉላር (የአንገቱ ደም መልስ) ግን ለቆዳው ቅርብ ነው፣ ትንሽ ስትጫኑት ይጨፈለቃል። ታይሮይዱ ካሮቲድንና የአየር ቧንቧውን ተጠግቶ ይገኛል። ጤነኛ ከሆነ ወጥ ነው፣ ደቃቅ ፍሬ ያለው፣ ከአጠገቡ ካለው ጡንቻ ነጣ ያለ፣ ዙሪያው በቀጭን ሽፋን የተከበበ።

ዕጢው ላላ ብሎ የተያዘ ስለሆነ ፕሮቡን ስትጫኑት ሸርተት ብሎ ከስክሪኑ ይወጣል። ሌላኛውን እጃችሁን በአንገቱ ማዶ አድርጋችሁ የአየር ቧንቧውን ደግፉ፣ የፕሮቡን ጫና ቀንሱ።

በተለይ በግራ በኩል የምግብ ቧንቧው እብጠት መስሎ ያታልላል። ማስታገሻ ላልተሰጠው ፈረስ በሲሪንጅ ጥቂት ውሃ አፉ ውስጥ ብታደርጉለት ይውጣል፤ የምግብ ቧንቧ ከሆነ በዚያች ቅጽበት ተከፍቶ ሲዘጋ ታያላችሁ።

አግድሙን ከላይ እስከ ታች ከጨረሳችሁ ፕሮቡን በቁመት አዙሩ። ርዝመት፣ ወርድና ውፍረት በሴንቲሜትር ይለካ፤ ሦስቱን አባዝታችሁ በ0.52 ስታባዙ መጠኑ በሚሊሊትር ይገኛል። ጤነኛ የሚመስለውንም ጎን ለኩ፤ ለዚያ ፈረስ ከሁሉ የተሻለ ማነጻጸሪያ እሱ ነው።

[ምስል፦ ጥቁር ክፍተቶች ያሉት ያበጠ ክፍል]

አዴኖማ አንዳንዴ ክብ ጉብታ ሆኖ፣ አንዳንዴም ፈሳሽ የቋጠሩ ጥቁር ክፍተቶች ይዞ ይታያል። ድንበሩ የጠፋ፣ ወደ ጡንቻው የገባ፣ ወይም አጠገቡ ያሉ ሊምፍ ኖዶች ያበጡበት ከሆነ ግን ጠርጥሩ። ምስል ብቻውን ካንሰር ነው ወይም አይደለም አይልም።

በመርፌ ናሙና የምትወስዱ ከሆነ አስቀድማችሁ በዶፕለር (የደም ፍሰትን በሚያሳየው የአልትራሳውንድ ዘዴ) የደም ሥሮቹን እዩ። ታይሮይድ ደም የሚበዛበት ዕጢ ነው፤ በ22 ወይም በ23 ቁጥር መርፌም ቢሆን ብዙ ጊዜ የሚወጣው ደም ብቻ ነው። ሲሪንጁን አጥብቆ መሳብ ይህንኑ ያባብሰዋል። ከወጋችሁ በኋላ ቦታውን ለጥቂት ደቂቃ ጫን ብላችሁ ያዙ።

አልትራሳውንድ የዕጢውን ቅርጽ ያሳያል እንጂ ሆርሞን በትክክል ማምረቱን አይነግራችሁም፤ ለዚያ የደም ምርመራ ያስፈልጋል። እዚህም ወጥመድ አለ፦ ፌኒልቡታዞን (የሕመም ማስታገሻ) የወሰደ ወይም በሌላ በሽታ የታመመ ፈረስ ዕጢው ጤነኛ ሆኖ ቲ4 (ዋናው የታይሮይድ ሆርሞን) ዝቅ ሊል ይችላል። ወፍራም፣ አንገቱ ላይ ስብ የተጠራቀመበት፣ ኮቴው የሚታመም ፈረስ ሲመጣ ጥፋቱን ታይሮይድ ላይ መጫን የቆየ ልማድ ነው። እዚያ መፈለግ ያለበት የኢንሱሊን ችግር ነው።

እብጠቱ ካልከበደውና ፈረሱ በደንብ እየተነፈሰ እየዋጠ ከሆነ በየጥቂት ወሩ፣ በዚያው አቅጣጫ እየለኩ መከታተል ይበቃል። የአየር ቧንቧውን ሲጫን ወይም በፍጥነት ሲያድግ ቀዶ ሕክምና ይታሰባል። ያኔ ለቀዶ ሐኪሙ ካሮቲድ ከእብጠቱ ምን ያህል እንደሚርቅ በምስል አሳዩት። የማንቁርት ነርቭም በዚያው ስለሚያልፍ፣ ከተጎዳ ፈረሱ ሲሮጥ አየር እየጮኸበት ይቀራል።