የ1962 ዓ.ም. ክርክር በስድስት ኪሎ
(በደብረ ብርሃን ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ መምህራን፣ ልጆቼ፣ እንደምን ዋላችሁ። በዚህ ብርድ አዳራሹን ስለሞላችሁት አመሰግናለሁ። ጋቢዬን ሳላወልቅ ብናገር የደብረ ብርሃን ሰው አይታዘበኝም።

የማነሣው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የ1962 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ነው። ያን ጊዜ እኔ እዚሁ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበርሁ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ወጥቶ የማገልገል ግዴታ ነበረበትና፣ ሒሳብ ያስተማረን ከእነዚያ አንዱ ነው። የስድስት ኪሎን ወሬ ከጋዜጣ ቀድሞ የምንሰማው ከእርሱ ነበር።

ግቢው ቀድሞ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር። በታኅሣሥ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ፣ የሸዋው አርበኛ ራስ አበበ አረጋይ ከሌሎች ሹማምንት ጋር የተገደሉት እዚያ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ለዩኒቨርሲቲ የሰጡት ከዚያ በኋላ ነው።

በ1962 ጥላሁን ግዛው የተማሪዎች ኅብረት ፕሬዚዳንት ሆነ። ባለፈው ዓመት ተወዳድሮ ተሸንፎ ነበር። ከመኳንንት ወገን ነው፤ እኅቱ ልዕልት ሣራ ግዛው የንጉሠ ነገሥቱ ምራት ነበሩ። ኅዳር 8 ቀን ደግሞ የወሎው ልጅ ዋለልኝ መኮንን «ስትራግል» በተባለው የተማሪዎች መጽሔት የብሔረሰቦችን ጥያቄ ጻፈ። ኢትዮጵያ ገና አንድ ብሔር አልሆነችም፣ ኢትዮጵያዊ ለመባል የአማራ ጭምብል ማጥለቅ ግድ ሆኗል አለ፤ ያውም ራሱ አማራ ሆኖ።

ታኅሣሥ 19፣ በገብርኤል ዕለት ማታ፣ ጥላሁን በጥይት ተመትቶ ሞተ። ተማሪዎች አስከሬኑን ወደ ግቢው አመጡት። በማግሥቱ የክቡር ዘበኛ ወታደሮች ገብተው ተኮሱ፤ ተማሪዎች ሞቱ፣ አስከሬኑም ተወሰደ። የተቀበረው ማይጨው ነው።

ወሬው እኛ ዘንድ ሲደርስ መምህራችን ሰሌዳው ላይ የጀመረውን ስሌት ግማሽ ላይ ተወው። ጠመኔውን ኪሱ ከትቶ ወጣ። ከቀናት በኋላ የዋለልኝን ጽሑፍ ደብተር ውስጥ ሸሽጎ ሰጠኝ። ሌሊቱን በኩራዝ ታገልሁት፤ ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ቀረሁ። እንግሊዝኛ ነዋ! ስለ ቋንቋዎች መጨቆን የተጻፈው ነገር፣ ተጨቁነዋል ከተባሉት ቋንቋዎች በአንዱም አልነበረም። ይህ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ኋላ ገብቶኝ ሳነብበው ብዙው አላሳመነኝም። ባናውን ደርቦ ውርጭ የሚያርሰውን የመንዝ ገበሬ ገዥ ነህ ቢሉት ምን ይል ነበር? ይህን በየቡና ቤቱ ሃምሳ ዓመት ተናግሬአለሁ። አንድ ገጽ ግን አልጻፍሁም። በዚህ ከተማ ዋለልኝን የሚረግም እንጂ ያነበበው ጥቂት ነው፤ ከረጋሚዎቹ አንዱ ሆኜ ነው የማውቀው።

ጽሑፉን በአማርኛ መልሼ አባዝቼዋለሁ፤ በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ አንዳንድ ቅጂ ውሰዱ። ከጀርባው ያለውን ባዶ ገጽ ሆን ብዬ ነው የተውሁት። ቅዳሜ በዚሁ ሰዓት እመጣለሁ፤ የጻፋችሁትን አምጡልኝ።