ራይን ለቀቅ አድርጉት

እንደምን አመሻችሁ?

አስተባባሪዎቹ «ከፊልሙ በፊት ስለ ህንዳዊው የፊልም ዳይሬክተር ሳትያጂት ራይ አምስት ደቂቃ» ብለውኛል። የምታውቁኝ ሳቃችሁን ያዙ።

ከላሞቹ ልጀምር። ራይ ካልካታ ውስጥ በአንድ የማስታወቂያ ድርጅት ተቀጥሮ የሚሠራ ሠዓሊ ነበር። የመጀመሪያ ፊልሙን «ፓቴር ፓንቻሊ»ን መቅረጽ የጀመረው በእረፍት ቀኑ ነው። ካሜራውን የያዘው ሱብራታ ሚትራ ገና 21 ዓመቱ ነው፤ ከዚያ በፊት ፊልም ቀርጾ አያውቅም። እህትና ወንድም ባቡር የሚያዩበት ሜዳ አለ። ካሽ የሚባል፣ ላባ የመሰለ ነጭ አበባ ያለው ረጅም ሣር ሞልቶታል። ከፊሉን ቀርጸው ወደ ቤታቸው ሄዱ። በሳምንቱ ሲመጡ አበባ የለም! ላሞች ሙልጭ አድርገው ግጠውታል። ምን ይደረግ? እስኪያብብ ዓመት ጠበቁ። ገንዘቡም አለቀ። የሚስቱ ጌጥ መያዣ ገባ። በመጨረሻ የምዕራብ ቤንጋል መንግሥት ከፍሎለት፣ በፈረንጆቹ 1955 ለእይታ በቃ።

ታሪኩን እኔም እወደዋለሁ። የሚያናድደኝ እዚያው ተገትረን መቅረታችን ነው። ራይ ሲባል ጭቃ፣ ዝናብ፣ ለቅሶ! እናቴ «ማዘር ኢንዲያ» የተባለው ፊልም ላይ አብራት ያለቀሰችው ተዋናይቷ ናርጊስ እንኳ፣ የህንድ ምክር ቤት አባል ሆና፣ ድህነታችንን ለውጭ ይሸጣል ብላ ወቅሳዋለች።

የቱን ድህነት? «ጃልሳጋር» የተባለው ፊልሙ የቀረችውን ገንዘብ ለሙዚቃ ድግስ ስለሚበትን ባላባት ነው። በሌላው ፊልሙ ቻሩላታ ትልቅ ቤት ውስጥ ተሰላችታ፣ ከመስኮት መስኮት እየዞረች መንገደኛ በመነጽር የምታይ ሚስት ናት። «ማሃናጋር» ላይ ደግሞ አራቲ ቤት ለቤት እየዞረች የሹራብ መሥሪያ ማሽን ትሸጣለች። የሥራ ጓደኛዋ አንዲት ሊፕስቲክ ትሰጣታለች። ያቺን ሊፕስቲክ ባሏ ሲያገኛት ፊቱን እዩልኝ!

መርማሪው ፌሉዳም የእሱ ነው፤ በመጽሐፍም በፊልምም። ከ1961 ወዲህ የፊልሞቹን ሙዚቃ ራሱ ደርሷል። ሌላም ሌላም።

ዓምና የዛሬውን ፊልም እናሳይ ስል አንድ ወዳጄ፣ እዚሁ ተቀምጧል፣ «እሱ የልጆች ነው፣ ቁም ነገር አምጣ» አለኝ። ወንድሜ፣ «ጎፒ ጋይን ባጋ ባይን» አያቱ ከጻፉት ተረት በ1969 የተሠራ ነው። የራበው ጦር ለውጊያ ተሰልፏል። ጎፒና ባጋ፣ ሁለቱ አዝማሪዎች፣ ይዘፍናሉ። ከሰማይ ጣፋጭ የሞላባቸው ማሰሮዎች ይወርዳሉ። ወታደሩ መሣሪያውን ጥሎ ወደ ማሰሮው ይሮጣል። ጦርነቱ እዚያው ቀረ! ከዚህ በላይ ምን ቁም ነገር ላምጣልህ?

አስተባባሪዋ ሰዓቷን እያሳየችኝ ነው። አንድ ነገር ብቻ፦ የመናፍስቱ ጭፈራ ረዘም ይላል። ያኔ ሻይ ፍለጋ የሚወጣ ሰው ባገኝ ተጣላን።

መብራቱን አጥፉልን።