አንጎል ሲቆጣ

ሰላም ወዳጆቼ፣ ከጅማ ነኝ። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ስለሆነ ድምፁ ከገባ ታገሱኝ።

አያቴ ሂርማታ ገበያ ቡና ስትሸጥ ነው ያሳደገችን። የሰውን ሁሉ ዱቤ በቃሏ ነበር የምትይዘው። አሁን አልዛይመር የሚባለው የመርሳት በሽታ ይዟታል። ዘመድ «ጃጅታ ነው» ይላል። እኔ ግን ስለ አንጎል መቆጣት፣ ሐኪሞች ብግነት ስለሚሉት ነገር ሳነብ ነው የከረምኩት።

ጀርመናዊው ሐኪም አሎይስ አልዛይመር በሽታውን በ1906 እ.ኤ.አ. ሲገልጽ፣ በሟች ታካሚው አንጎል ውስጥ ያያቸውን ክምችቶችና የተወሳሰቡ ክሮች አሳየ። ዛሬ ክምችቶቹን አሚሎይድ፣ ክሮቹን ታው እንላቸዋለን፤ ሁለቱም ፕሮቲኖች ናቸው። አንጎል ማይክሮግሊያ የሚባሉ ጠባቂ ሴሎችም አሉት። እንደ ሰፈር ዘበኛ ናቸው፤ አሚሎይዱን ከበው ሊበሉት ይታገላሉ። ትግሉ ዓመታት ሲፈጅ ግን ቁጣቸው አልበርድ ይላል፤ የሚረጩት ኬሚካል ጤነኛውን ነርቭ ይጎዳል። በ2013 እ.ኤ.አ. ደግሞ የእነዚህን ሴሎች ሥራ የሚመራው ትሬም 2 የተባለ ዘረ መል ሲለወጥ ለበሽታው እንደሚያጋልጥ ታወቀ።

«ታዲያ የብግነት መድኃኒት ለምን አንሰጣትም?» ተብሎ ቤታችን ተጠይቋል። ናፕሮክሲንና ሴሌኮክሲብ በአረጋውያን ላይ ተሞክረው በሽታውን አልተከላከሉም። ጨጓራን፣ ኩላሊትንና ልብን ግን ሊጎዱ ይችላሉ። እባካችሁ በራሳችሁ ገዝታችሁ በየቀኑ አትስጡ። እንደሚመስለኝ ትልቁ ችግር ማይክሮግሊያዎቹ ያጸዳሉም፣ ያጠፋሉም፤ ማፈን የቱን እንደሚያቆም መለየት ይከብዳል። በ2023 እ.ኤ.አ. አሜሪካ የጸደቀው ሌካኔማብ የተባለ መድኃኒት እንዲያውም አሚሎይዱን ለእነዚሁ ሴሎች ጠቁሞ ያስጸዳል። በ18 ወር ጥናት መባባሱን በ27 በመቶ አዘግይቷል። አያድንም። የአንጎል እብጠትና መድማት ሊያመጣ ስለሚችል በኤምአርአይ (የአንጎልን ውስጥ በሚያሳይ ምስል) ክትትል ይፈልጋል፤ የሚሰጠውም ገና ለጀመራቸው ነው። አያቴ ያንን አልፋለች።

እኛን የጠቀመን ሌላ ነው። ባለፈው ክረምት አያቴ ድንገት ተለወጠችብን። ሌሊቱን ከሞቱ እህቶቿ ጋር ታወራለች፣ ቀን ትተኛለች። ሁላችንም «በሽታው ጠናባት» ብለን ልናለቅስ ደርሰን ነበር። አንዲት ነርስ ጎረቤታችን ናት «ሽንቷ ይመርመር» ያለችው። ኢንፌክሽን ተገኘ። ታክማ ቀስ በቀስ ወደ ቀድሞ ሁኔታዋ ተመለሰች። ሌላ የሰውነት ክፍል ላይ የተነሳ ብግነት በደም በኩል አንጎል ድረስ ይሰማል፤ የታመመ አንጎል ደግሞ ቶሎ ይናወጣል።

ስለዚህ አባቶቻችሁ ወይም እናቶቻችሁ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ከተለወጡ፣ እርጅና ነው ብላችሁ አትቀመጡ። ትኩሳት ባይኖራቸውም ሐኪም ቤት ውሰዷቸው፤ መቼ እንደጀመራቸውና ምን መድኃኒት እንደሚወስዱም ንገሩ።