ላይሰንስ ያወጣው ልጃችሁ ገና እየተማረ ነው

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ ከኋላ የተቀመጣችሁ ወጣቶችም፣ እንደምን አመሻችሁ።

እኔ እዚሁ ሰሜን ቨርጂኒያ መኪና መንዳት አስተምራለሁ። ልጃችሁ ላይሰንስ ከማውጣቱ በፊት የምትፈርሙበት ወረቀት አለ። 45 ሰዓት፣ ከዚያም ውስጥ 15ቱን ጀምበር ከጠለቀች በኋላ፣ ከትልቅ ሰው ጋር ነድቷል የሚል። ብዙ ቤት ሳይነዳ ይፈረማል። ምክንያቱ ይገባኛል። አባት ሌሊት ኡበር ሲነዳ ያድራል፣ እናት ሁለት ሥራ ትሠራለች፤ ልጁ ቶሎ ላይሰንስ ቢይዝ ታናናሾቹን ያደርስልናል ይባላል።

ከጎናቸው ተቀምጬ የማየውን ልንገራችሁ። ወደ 495 ሃይዌይ ስንገባ፣ መግቢያው ሊያልቅ ሲል ልጁ ይደነግጥና እግሩን ከነዳጅ መስጫው ላይ ያነሳል። ሃይዌዩ ላይ ያለው መኪና በ60 ማይል ይመጣል፣ እሱ በ35 ሊገባ ነው። ስፖኪዮውን ያያል፤ አንገቱን ዞር አድርጎ ግን አያይም። ወደ ግራ ሲታጠፍ ደግሞ ከፊት የሚመጣው መኪና ሩቅ ይመስለዋል። ይሄ የጥጋብ ጉዳይ አይደለም። ጨዋውም፣ ጎበዝ ተማሪውም ያው ነው። ዓይን ርቀትና ፍጥነት መለካት የሚለምደው በመንዳት ብቻ ነው። በአሜሪካ ከ16 እስከ 19 ዓመት ያሉ አሽከርካሪዎች፣ በነዱት ማይል ሲሰላ፣ ሰው የሚሞትበት አደጋ የሚገጥማቸው ከ20 ዓመት በላይ ካሉት 3 እጥፍ ገደማ ነው።

ጓደኛ ሲጫን ይብሳል። ሕጉ በመጀመሪያው ዓመት ከ21 ዓመት በታች የሆነ ከአንድ ሰው በላይ እንዳይጭን የሚከለክለው ለዚህ ነው። ወንድምና እህት ግን አይቆጠሩም። ሦስት ታናናሾቹን ጭኖ ትምህርት ቤት ቢያደርስ ፖሊስ አይቀጣውም። ከኋላ የሚነሳው ጫጫታ ግን ያው ነው። እዚህ ላይ የምትወስኑት እናንተ ናችሁ።

የፋሲካን ሌሊትም አስቡ። ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ ከእኩለ ሌሊት እስከ ሌሊቱ 10 ሰዓት፣ በሀገራችን አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ ከጥቂት ምክንያቶች በቀር ብቻውን አይነዳም። ከቅዳሴ የሚወጣው በዚያው ሰዓት ነው፤ ሲቆም አምሽቶ እንቅልፍ ይዞታል። ያን ሌሊት ቁልፉ እናንተ ዘንድ ይሁን።

ልጆች፣ በ55 ማይል እየነዳችሁ 5 ሴኮንድ ስልክ ብታዩ፣ መንገዱን ሳታዩ ከ120 ሜትር በላይ ተጉዛችኋል። ስልኩን ኋላ ወንበር ላይ ወርውሩት።

ወላጆች፣ ላይሰንሱ ከመጣ በኋላም አብራችሁ ውጡ። ሲዘንብ፣ ሲመሽ፣ 395 ሲጨናነቅ። አትጩኹባቸው። ከፈረማችሁት ሰዓት የጎደለ ካለ፣ ዛሬ ማታ ወደ ቤት ስትመለሱ ልጁ ይንዳ፣ እናንተ ከጎኑ ተቀመጡ።

አመሰግናለሁ።