ነፃው የት ያበቃል፣ ክፍያው የት ይጀምራል?

(ድሬዳዋ ላይ ለዩቲዩብና ለቴሌግራም ይዘት አዘጋጆች የቀረበ ንግግር)

ጤና ይስጥልኝ የድሬ ልጆች! ከሐረር የመጣችሁም እንኳን ደህና መጣችሁ።

ሐላዋ ሻጭ ቁራሽ ያቀምሳል፣ ኪሎውን ግን በነፃ አይሰጥም። እኛ ኢንተርኔት ላይ የምንሠራው ብዙ ጊዜ ተቃራኒውን ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ኪሎውን ስናድል እንከርማለን፤ ከዚያ አንድ ቀን ተነስተን ቁራሿንም እንቆልፋለን። ተከታይ የሚቀየመው ያኔ ነው።

ትልልቆቹም ተሳስተዋል። ኒውዮርክ ታይምስ እ.ኤ.አ. በ2005 የአምደኞቹን ጽሑፍ ለይቶ በዓመት 50 ዶላር ገደማ ማስከፈል ጀመረና በ2007 ተወው። የቆለፈው ሰዎች እርስ በርስ የሚቀባበሉትን፣ አዲስ አንባቢ ይዞ የሚመጣውን ክፍል ነበር። በ2011 ሲመለስ በወር 20 ጽሑፍ በነፃ ፈቅዶ ከዚያ በላይ የሚያነበውን አስከፈለ፤ በዓመቱ 20ውን ወደ 10 አወረደው። አላፊ አግዳሚው እንደ ልቡ ገብቶ ይወጣል፣ የሚከፍለው ደንበኛው ነው። ዘ ጋርዲያን ደግሞ ድረ ገጹን ክፍት አድርጎ መዋጮ ይጠይቃል። ይህ ሚሊዮኖች ለሚያነቡት ጋዜጣ ይሆናል፤ 3,000 ተከታይ ላለው ቻናል ግን የቡና እንኳ አይወጣውም።

ማስታወቂያስ? ዩቲዩብ ከረጅም ቪዲዮ የማስታወቂያ ገቢ 55 በመቶውን ለአዘጋጁ ይሰጣል። ለዚያ ለመድረስ 1,000 ተመዝጋቢና በ12 ወር ውስጥ 4,000 ሰዓት እይታ ያስፈልጋል፤ ገንዘቡም የሚላከው 100 ዶላር ሲሞላ ነው። ከሁሉ በላይ የሚወስነው ግን ተመልካቹ የተቀመጠበት አገር ነው። አስተዋዋቂ አሜሪካ ሚኒያፖሊስ ላለ ተመልካች የሚከፍለውን እዚሁ ድሬ፣ ሳቢያን ሰፈር ላለ ተመልካች አይከፍልም። ስለዚህ ዲያስፖራው የሚያየው ወግና ሙዚቃ በማስታወቂያ ሊቆም ይችላል። የ12ኛ ክፍል ፊዚክስ የሚያስረዳ ሰው ግን ተመልካቹ እዚሁ ነውና ከተማሪው በቀጥታ መቀበል አለበት። ያ ተማሪ ለእናንተ ሳይከፍል በፊት ለዳታ ጥቅል መክፈሉን አትርሱ። ቪዲዮውን አሳንሳችሁ በ480ፒ ጫኑለት፣ ማስታወሻውን በፒዲኤፍ ለብቻ ስጡት።

ታዲያ ምኑን እናስከፍል? ፎርዋርድ ሊደረግ የማይችለውን። ማብራሪያው ይሰራጭ፣ ገበያ ያመጣላችኋል። የሚከፈልበት የሳምንቱ የቀጥታ ጥያቄና መልስ፣ የተማሪውን ወረቀት አይቶ ማረም፣ እንዲሁም አዲስ የጥያቄ ስብስብ ከነአሠራሩ ይሁን። ፋይል ብቻ ከሸጣችሁ በማግስቱ ሌላ ቻናል ላይ ታገኙታላችሁ። ቴሌግራም ማስቀመጥንና ፎርዋርድን የሚከለክል ማስተካከያ አለው፤ ሌላ ስልክ አጠገቡ አቁሞ የሚቀርጸውን ግን አይከለክልም። ፒዲኤፉ ላይ የገዢውን ስልክ ቁጥር በደብዛዛ ቀለም አትሙበት፣ ቢያንስ ማን እንዳወጣው ይታወቃል።

ሒሳቡን ከ3,000 ተከታይ አትጀምሩ። ከመቶ ሁለቱ ቢከፍሉ 60 ሰው ነው፤ በወር 100 ብር ሲሆን 6,000 ብር። ይህ በወሩ የደከማችሁበትን ሥራ የማይሸፍን ከሆነ ዋጋውን ጨምሩ ወይም ሥራውን ቀንሱ፤ «ተከታይ ሲበዛ ይስተካከላል» ብላችሁ አትጠብቁ።

አብዛኛው ሰው የሚቀረው ግን በዋጋው አይደለም፣ በአከፋፈሉ ነው። «ደውሉልን፣ ቁጥር እንልካለን» ካላችሁት ሌሊት ሊከፍል ያሰበው ጠዋት ይተወዋል። የቴሌብር ወይም የሲቢኢ ብር ቁጥሩን ከነስሙና ከነዋጋው ቻናሉ አናት ላይ ሰክታችሁ አስቀምጡ። የደረሰኝ ስክሪንሾት አትመኑ፤ ምስል በሁለት ደቂቃ ይቀየራል። ከተራ ስልክ ቁጥር የሚላክ አስመሳይ የገቢ መልእክትም አለ። የግብይት ቁጥሩን ተቀብላችሁ ከራሳችሁ ሒሳብ ዝርዝር ጋር አመሳክሩ፣ ከዚያ ብቻ ወደ ከፋዮቹ የግል ቻናል የሚያስገባ ሊንክ ስጡ።

ሊንኩም አንድ ዓይነት አይሁን። በግል ቻናሉ ውስጥ ለእያንዳንዱ ከፋይ የራሱን መጋበዣ ሊንክ ፍጠሩ፤ የሰው ብዛት 1፣ የሚያበቃበት ጊዜ 1 ቀን፣ ስሙ ላይ የግብይት ቁጥሩ። የአስተዳዳሪ ፈቃድ የሚለውን ካበራችሁ የሰው ብዛት ገደቡ አይሠራም፤ ከሁለቱ አንዱን ምረጡ። ወሩ ሲሞላ ያልከፈለውን ማስወጣት የእናንተ ሥራ ነው፣ ሊንኩ አያስወጣላችሁም። ለዚህ ስም፣ የግብይት ቁጥርና ማብቂያ ቀን የተጻፈበት አንድ ሠንጠረዥ ይበቃል።

አሁን ስልካችሁን አውጡና አንድ ባለ 1 ሰው ሊንክ እንሥራ።