«ወራጅ አለ» የማይባልበት ባቡር፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ቅዳሜ ጠዋት እዚህ ጎንደር በነበረው የስልክ ፕሮግራም ስለ ፈጣን ባቡር ስናወራ ስልኩ እረፍት አልነበረውም። የባቡር መንገድ መሐንዲስ ነኝ፤ ሰዓቱ አልቆብኝ አየር ላይ ጀምሬ ያቋረጥኳቸውን መልሶች እዚህ እጨርሳለሁ።

ጥያቄ (የ10ኛ ክፍል ተማሪ፣ ከአዘዞ)፦ ደብተሬ ላይ በምናቤ አንድ የደሴት አገር ሥያለሁ። ከጫፍ ጫፍ 200 ኪሎ ሜትር ነው። በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ባቡር አስገባሁበት፤ 18 ጣቢያም ሠራሁ። በ40 ደቂቃ ይደርሳል ብዬ አሰላሁ። ልክ ነኝ?

መልስ፦ ማካፈሉን አልሳትክም። ግን 40 ደቂቃ የሚሆነው ባቡርህ ከመነሻው ጀምሮ 300 ላይ ከሆነና የትም ካልቆመ ብቻ ነው። በ18 ጣቢያ መካከል 17 ክፍተት አለ፤ እያንዳንዱ 12 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። እንዲህ ያለ ባቡር ፍጥነቱን ለመያዝም ለማብረድም ብዙ ኪሎ ሜትር ይፈልጋል፤ ስለዚህ 300 ሳይደርስ ፍሬን መያዝ ይጀምራል። በግምት ሳሰላው ጉዞው አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ከፒያሳ ወደ ማራኪ የሚሄደውን ሚኒባስ አስበው፤ ሞተሩ የቱንም ያህል ቢበረታ በየመቶ ሜትሩ «ወራጅ አለ!» ከተባለ ምን ይረባል?

እውነተኞቹን ደሴቶች እይ። ታይዋን ውስጥ 350 ኪሎ ሜትር ላይ ያለው 12 ጣቢያ ነው። ኢንዶኔዥያ በጃቫ ደሴት ላይ እ.ኤ.አ. በ2023 የከፈተችው የጃካርታና የባንዱንግ መስመር 142 ኪሎ ሜትር ነው፤ ጣቢያው 4 ብቻ። ጃፓን ከቶኪዮ እስከ ኦሳካ 515 ኪሎ ሜትር ላይ 17 ጣቢያ አላት፤ ያም ሆኖ ፈጣኑ ባቡር አብዛኞቹን ዘሏቸው ያልፋል። በሁሉም የሚቆመው ባቡር ጣቢያ ውስጥ ወደ ጎን ገብቶ ፈጣኑን ያሳልፋል። ሁለት ሰዓት ተኩል በማይሞላ ጊዜ የሚያደርሰው ይሄ አሠራር ነው።

በቴሌግራም የላክኸውን ሥዕል ደግሞ አጉልቼ አየሁት። በቀይ እስክሪብቶ ያሰመርከው ሐዲድ የባሕሩን ዳር እየተከተለ በየወሽመጡ ይገባል፣ ይወጣል። በጣም ያምራል። ግን ከጣቢያዎቹ የባሰው ጥፋት እሱ ነው። ምክንያቱን ቀጥሎ ለደወሉት ሾፌር ስመልስ ታገኘዋለህ።

ጥያቄ (ጡረታ የወጡ የጭነት መኪና ሾፌር)፦ ሊማሊሞን ስወጣ ስወርድ ነው ያረጀሁት። ያን ባቡር ገዝተን እዚህ ብናመጣው ምን ይከለክለናል?

መልስ፦ ጋሼ፣ ባቡሩን መግዛት ቀላሉ ነው። ፍጥነቱ ያለው መንገዱ ላይ ነው። ኩርባ ላይ ወደ ውጭ የሚገፋዎትን ኃይል ከእኔ በላይ ያውቁታል። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ያ ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል፤ እሱን ለመቻል ኩርባውም አራት እጥፍ መለጠጥ አለበት። ጃፓኖች የመጀመሪያውን መስመር ሲሠሩ ዋናዎቹን ኩርባዎች ሬዲየሳቸው ከ2,500 ሜትር እንዳያንስ አድርገው ቀየሱ። ያኔ፣ እ.ኤ.አ. በ1964፣ ባቡሩ በሰዓት 210 ኪሎ ሜትር ነበር የሚሮጠው፤ ይበቃ ነበር። ዛሬ ግን እነዚያ ኩርባዎች አስረው ይዘውታል፦ ፉርጎውን በአየር ትራስ አንድ ዲግሪ እያዘነበለ እንኳ 285 ላይ ይቆማል። ኩርባቸው የሰፋ፣ በኋላ የተሠሩ መስመሮች ላይ ግን 320 ይሮጣል።

የሊማሊሞ ጥምዝ ላይ ተሳቢ ያለው መኪና አንዳንዴ ሁለት ጊዜ ነው የሚታጠፈው። ጃፓኖች ተራራ ሲገጥማቸው አይጠመዘዙም፤ ይበሱታል። ከኦሳካ ወደ ሃካታ የሚወስደው መስመር ግማሽ ያህሉ ዋሻ ነው። የአባይን በረሃ ደግሞ ያስቡት፤ ከጎሃ ጽዮን ወንዙ ድረስ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው። ለፈጣን ባቡር በ1,000 ሜትር 35 ሜትር መውረድ እንኳ ብዙ ነው። በዚያ ልክ ቢወርድ 1,000 ሜትሩን ለመጨረስ 29 ኪሎ ሜትር ይፈልጋል፤ ወዲያ ማዶ ደግሞ ያንኑ ያህል ዳገት።

እኔን ከጠየቁኝ ለእኛ 300 አያስፈልገንም። የአዲስ አበባና የጅቡቲው መስመር የተሠራው በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር እንዲያስኬድ ነው። እንደዚያ ያለ ባቡር፣ በሰዓቱ የሚነሣና በሰዓቱ የሚደርስ፣ ጎንደር ቢገባ ሌላ አልጠይቅም። ይሄን ስል የተቆጡ አድማጮች ነበሩ፤ ሐሳቤን አልቀየርኩም።

ጥያቄ (እናት፣ ከአራዳ)፦ ልጄ፣ ደሴት ሲሉኝ ይሄ የመሬት መንቀጥቀጥ ያለበት አይደለም ወይ? ሰው እንዴት ደፍሮ ይሳፈርበታል?

መልስ፦ ጃፓኖች ደፍረው ነው የሚሳፈሩት፣ እናቴ። የመሬት መንቀጥቀጥ ሁለት ዓይነት ሞገድ ይልካል፦ ፈጣን ግን ደካማ የሆነ፣ ከኋላው ደግሞ ዘገም የሚል አጥፊ። በባሕር ዳርና በሐዲዱ አጠገብ የተተከሉት መሣሪያዎች የፊተኛውን ሲሰሙ ኤሌክትሪኩን ይቆርጣሉ፤ ባቡሩ ኃይል ሲያጣ ያለ ነጂው ትእዛዝ ራሱ ፍሬን ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ2004 ጃፓን ውስጥ ኒጋታ ላይ የመንቀጥቀጡ ማዕከል በጣም ቅርብ ስለነበር አንድ ባቡር ከሐዲድ ወጣ፤ ከተሳፋሪዎቹ የሞተ ሰው ግን የለም።

ጥያቄ (በአጭር መልእክት)፦ መብራት ቢጠፋስ?

መልስ፦ የጎንደር ሰው ይሄን ሳይጠይቅ እንደማይቀር አውቅ ነበር! ቀድሞ እንዳልኩት ይቆማል። እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ የገባው አዲሱ ዓይነት የጃፓን ባቡር ግን ባትሪ ስላለው ዋሻ ውስጥ ተገትሮ አይቀርም፤ ቀስ ብሎ ራሱን ያወጣል።

ጥያቄ (ነጋዴ፣ ከቅዳሜ ገበያ)፦ የመጀመሪያውን የጃፓን መስመር ገንዘብ ማን ከፈለ?

መልስ፦ አብዛኛውን ራሳቸው ጃፓኖች። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ1961 80 ሚሊዮን ዶላር አበደራቸው። ወጪው ግን ከታቀደው እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። የምድር ባቡሩ ኃላፊ ሺንጂ ሶጎና ዋናው መሐንዲስ ሂዴዎ ሺማ በዚህ ሰበብ እ.ኤ.አ. በ1963 ከሥራቸው ለቀቁ፤ መስመሩ በሚቀጥለው ዓመት ሲመረቅ ሁለቱም ቦታቸው ላይ አልነበሩም።

ፕሮግራሙ ሊያልቅ ሲል የአዘዞው ተማሪ መልሶ ደወለ። ጣቢያዎቹን ወደ 5 አውርዷቸዋል፤ መስመሩንም ከባሕሩ ዳር አንሥቶ በተራራው ውስጥ በቀጥታ አሳልፎታል። «ግን ጣቢያ የሰረዝኩባቸው ከተሞች ምን ይሁኑ?» አለ። የድሮውን ቀርፋፋ ባቡር አታፍርስባቸው፤ ባሕሩን እየተከተለ በየከተማው ይቁም። በ5ቱ ጣቢያዎች ላይ ከፈጣኑ ጋር አገናኘው፤ መንገደኛው ሻንጣውን ይዞ ደረጃ ሳይወጣ እንዲቀይር መድረኩን አንድ አድርግለት።